ለሙት የተላከ መርዶ

መርዶ በስልክ አይነገርም ይላሉ እማማ። በእግር ተሂዶ፣ ሰብሰብ ተብሎ፣ ሰውየው ማልዶ ሲነሳ ደጁ ላይ ተቁሞ ነው የሚነገረው። እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው። ባለቤቴ በ2020 ማለቂያ በኮቪድ ከሞተ በኋላ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ዳር ብሌንደን ታውንሺፕ ባለው ቤታችን እኔና እሳቸው ብቻ ቀረን። ልጅ አልወለድንም። ጠዋት እሳቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ እኔ ግሮቭፖርት ወዳለው መጋዘን እነዳለሁ። ስመለስ ሶፋው ላይ ትቻቸው በሄድኩበት ቦታ አገኛቸዋለሁ።

በአርባው ዕለት ቄሱ በስክሪን ፍትሐቱን አድርሰው ሲጨርሱ፣ እማማ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣

«ለወንድሙስ ማን ነገረው?» አሉ።

ስክሪኑ ላይ ያሉት ሰዎች በየሳጥናቸው ውስጥ አቀረቀሩ። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ማይካቸው ክፍት መሆኑን ረስተው «እግዚኦ» ሲሉ ተሰሙ።

ወንድሙ ያሉት ትንሹን ልጃቸውን ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከአሥር ዓመት በፊት በአውሮፕላን ብራዚል ገብተው፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ፔሩ ተሻግረው፣ አገር በአገር እያቆራረጡ ወደ ሰሜን ሊመጡ ተነሱ። ባለቤቴ አሜሪካ ገባ። ወንድሙ አልገባም። ለእማማ የተነገራቸው፣ ወረቀት አጥቶ ብራዚልና ፔሩ በሚዋሰኑበት ጫካ ውስጥ እየሠራ እንደሚኖርና እዚያ ስልክ እንደማይሠራ ነው። ይህን የነገራቸው ባለቤቴ ነው።

እኔን ሲያገባኝ ግን ሌላ ነገረኝ። ወንድሜ መንገድ ላይ ታሞ ሞተ፣ በእጄ ቀበርኩት አለኝ። «ለእማማስ?» ስለው «እነግራታለሁ» አለ። መጀመሪያ የአሜሪካ ወረቀቷ እስኪያልቅ ይቆይ ተባለ። ስትመጣ ደግሞ ደም ግፊቷ እስኪስተካከል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፣ በጾም አይነገርም። ከዚያ ፋሲካ ሆነ፣ በፋሲካ እንዴት ተደርጎ! ከዚያ የእኅቷ ልጅ ሠርግ መጣ። ነገሩን የሚያውቁ ሦስት አራት የዕድር ሽማግሌዎች ነበሩ። በየዓመቱ አንድ ቀን ይሰበሰባሉ፣ ጥሩ ቀን ይፈልጋሉ፣ ጥሩ ቀን ያጣሉ፣ ይበተናሉ። ለመርዶ ጥሩ ቀን የሚፈልግ ሕዝብ መሆናችን ያኔ አስቆኝ ነበር።

ባለቤቴ ሆስፒታል በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ቱቦ ሊያስገቡለት ሲሉ፣ ነርሷ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዛለት ደወለልኝ። ጠያቂ መግባት አይፈቀድም ነበር። እኔ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው የሰማሁት።

«ስሚኝ» አለ። «ወንድሜን አልቀበርኩትም።»

«አሁን እሱን ተወው። ተንፍስ፣ ዝም ብለህ ተንፍስ።»

«ድንበሩ ላይ ባለችው ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ጥዬው ነው የሄድኩት። ትኩሳት ነበረበት። አውቶቡሱ ሊነሳ ነው፣ ትመጣለህ ትቀራለህ አሉኝ። ኢኳዶር ስደርስ ከኋላችን የመጣ አንድ ልጅ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበረው ልጅ ሞተ አለኝ። እኔ አላየሁም። ለእማዬ አንቺ ንገሪያት።»

ነርሷ ይቅርታ ጠይቃኝ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም። ሌላዋን ሴት ባሏ ሲሰናበታት እወድሻለሁ ብሏት ይሆናል። እኔን መልእክተኛ አድርጎኝ ሄደ።

ዓመት ከመንፈቅ አልተናገርኩም። በየቅዳሜው እማማ «ነገርሽው?» ይሉኛል። እኔም «ኮል አደርጋለሁ እማማ፣ አይነሳም» እላለሁ።

«መርዶ በኮል ነው እንዴ? አንቺ ልጅ፣ አስተማሪ ነበርኩ አላልሽም? ወንድሙ አፈር ለብሶ እሱ የትም ቁጭ ብሎ እየሳቀ ይሆናል። ኃጢአቱ የእኛ ነው።»

የሙት ዓመቱ ዕለትም ይህንኑ አሉ። በ2022 ጸደይ የፔሩና የብራዚል የየብስ ድንበሮች መከፈታቸውን ከዩቲዩብ ሰምተው ጠበቁኝና፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ተከፍቷል። አንቺ ሰማያዊ የአሜሪካ ፓስፖርት አለሽ። ሄደሽ አርጂው» አሉኝ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። ተቀመጡ እማማ ማለት፣ እጃቸውን መያዝ፣ ሁለት ቃል። ግን ምን ብዬ? ሞተ ያለው አንድ የማላውቀው ልጅ ነው። ከእሱ ባለቤቴ ሰማ፣ ከባለቤቴ እኔ ሰማሁ። ከሦስት ሰው አንዳችንም አላየንም። ቢኖርስ? ያላየሁትን ሞት አርድቼ አንድ ቀን በሩን ቢያንኳኳስ? እንግዲያው ሄጄ ልየው አልኩ። ከኖረ የወንድሙን መርዶ እነግረዋለሁ። ከሞተ መቃብሩን አይቼ ለእናቱ እነግራለሁ። የዘጠኝ ዓመት ውሸት ከቤቴ የሚወጣበት ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ሰኔ ላይ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ። ከአጠገቤ ሳጥን የምትዘጋው የሆንዱራስ ሴት ወዴት እንደምሄድ ስትሰማ ቴፑን ጣለችው።

«እኛ ከዚያ ወገን ጫማችን እስኪያልቅ ሸሽተን መጣን። አንቺ ለቬኬሽን?»

«ዘመድ ልጠይቅ ነው።»

«እብድ» አለችኝና ሳጥኗን መዝጋት ቀጠለች። ስፓኒሽ የለመድኩት ከእሷና ከጓደኞቿ ነው፣ ስምንት ዓመት አንድ መስመር ላይ ቆመን።

ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ሄጄ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ገዛሁ። ሻጩ ወጣት ወገቤን በሜትር ለክቶ የት ተራራ እንደምወጣ ጠየቀኝ። እማማ ግማሹን ቦርሳ በእሳቸው ዕቃ ሞሉት፤ ለልጃቸው አዲስ ጋቢ፣ ሽሮና በርበሬ። «እስኪያለቅስ ጠብቂው» አሉኝ። «ሲጨርስ አልብሺው። እዚያ ብርድ ይሁን ሙቀት አላውቅም፣ ብቻ አልብሺው።»

የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሼም ሰምተው ደወሉ። «ልጄ፣ ለሙት መርዶ ይዞ የሄደ ሰው ሰምቼ አላውቅም።»

«ለእናቱ ይዛችሁ የመጣችሁበትን ቀንም እኔ አላየሁም፣ ጋሼ።»

ስልኩ ውስጥ ሲያስሉ ቆዩና መልካም መንገድ ተመኙልኝ።

የፔሩዋ ሊማ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሹ በርበሬውን አገኘው። ምንድን ነው ሲለኝ ቃሪያ ነው፣ ደርቆ የተፈጨ፣ አልኩት። አላመነኝም። ጣቱን አጥቅሶ ቀመሰና ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ባልደረባውን ጠርቶ ምንም ሳይነግረው አቀመሰው። ሁለቱም እያስነጠሱና እየሳቁ አሳለፉኝ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቆጣጠረው የሳቅኩት ያኔ ነው፣ ወዲያውም አፈርኩ።

ከኩስኮ ወደ ድንበሩ የሚወርደው አውቶቡስ ማልዶ ተነሳ። ባለቤቴ የወጣውን እኔ እየወረድኩት ነበር፣ የእሱን መንገድ ከጭራው ይዤ። አውቶቡሱ ውስጥ እንደ እኔ ቦርሳ ያዘሉ የአውሮፓ ወጣቶች ነበሩ። አንዷ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል፣ በከፍታው ራሷን ያማት ነበር። እኔን አላመመኝም። ሽሮ ሜዳ ያደገች ሴት ኩስኮን አትፈራም።

«ብቻሽን ነሽ? በጣም ጎበዝ ነሽ!» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«አንቺም ብቻሽን ነሽ።»

«እኔማ ከቤቴ ከወጣሁ ስድስት ወሬ ነው። የመንገድ ትልቁ ደስታ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ነገ የት እንደምታድሪ አለማወቅ።»

ባለቤቴ ይህን ደስታ ሦስት ወር ሙሉ ጠግቦታል። ግን ልጅቷ አልበደለችኝም። የአገራችንን ቆሎ የሚመስል የተቆላ በቆሎዋን አካፈለችኝ፣ በላሁ።

ባለቤቴ ስለዚህ መንገድ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚነግረኝ፤ ዝናብ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። በረዶ የለበሱ ተራሮች ከመስኮቱ ጎን ቆመው ነበር። ከዚያ ድንጋዩ ጠፍቶ ሣር ሆነ፣ ሣሩ ጠፍቶ ጉም ሆነ፣ ከጉሙ ስንወጣ ደግሞ ዛፍ በዛፍ ላይ፣ ከገደል የሚንጠለጠል ውኃ፣ በየተራ የምናወልቀው ሹራብ። ተናደድኩ። ቆንጆ መሆኑን ለምን አልነገረኝም? ወይስ አላየውም? ሰው እንዲህ ያለ አገር አቋርጦ ሲያልፍ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ብቻ ሊያይ ይችላል። የወንድሙ ወንበር ባዶ ነበርና።

ከሰዓት በፊት ፖሊሶች አስቁመውን ገቡ። የእኔን ሰማያዊ ፓስፖርት አንዱ ገልጦ፣ ፈገግ ብሎ፣ እንኳን ደህና መጣሽ እመቤቴ አለኝ። እመቤቴ! መልኬ ያው ነው፣ የባለቤቴም መልክ ይኸው ነበር፤ እሱን ከሦስት አውቶቡስ አውርደውታል። ወደ ኋላ አልፈው አንድ የሄይቲ ሰው አወረዱ። ሰውየው የላስቲክ ከረጢቱን ይዞ፣ በወንበሮቹ መሃል መተላለፊያ ላይ የተዘረጉትን የወጣቶቹን ቦርሳዎች እንዳይረግጥ እየተጠነቀቀ ወረደ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

«ምን አድርጎ ነው?» አለችኝ ልጅቷ።

«ተሳፍሮ።»

ቦርሳዋን ከመተላለፊያው ወደ ራሷ ሳበች። እኔም ፓስፖርቴን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ቆላ ያለች አንዲት ከተማ ስንደርስ ወጣቶቹ ወደ ጫካ ጉብኝታቸው ሄዱ፣ እኔ በጋራ በሚከፈል መኪና ወደ ድንበሩ ቀጠልኩ። መሬቱ ቀይ ነው። ጫካው ተመንጥሮ ከብት የሚውልበት ሜዳ ላይ አንዳንድ ረጃጅም ዛፎች ብቻቸውን ቀርተዋል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ አደባባይ፣ ባለ ሦስት እግር ሞተሮች፣ ቡናማ ወንዝ። ከወንዙ ማዶ በአንድ ወገን ብራዚል ነው፣ በሌላው ቦሊቪያ። ልጆች ያለ ፓስፖርት ይሻገሩና ኳስ አምጥተው ይመለሳሉ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኘኋት ነርስ ደግ ናት፣ ግን ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። «በዚያ ዘመን የነበረ ሰው እዚህ የለም» አለችኝ። «አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያለችውን ባለ ምግብ ቤት ጠይቂ። ያለፈው ሰው ሁሉ ከእሷ እጅ በልቷል።»

ባለ ምግብ ቤቷ ስልሳ ዓመት የሚሆናት ወፍራም ሴት ናት። ሙዝ ትልጥ ነበር፣ ለመጥበሻ የሚሆነውን አረንጓዴውን። ሁለቱ ወንድማማቾች ብራዚል እንደገቡ የተነሱትን ፎቶ ስልኬ ላይ አሳየኋት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለችኝ። ትልቁን ገፋ አድርጋ ትንሹን በጣቷ አጎላችው።

«ይሄ የእኔ ቀጭኑ ነው» አለች። ከዚያ ከእኔ ጀርባ፣ ወደ በሩ አየች። «ወንድሙስ? አልመጣም?»

«ሞተ። ባለቤቴ ነበር።»

ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አሁን ነው የምትመጡት?» አለችኝ።

ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ሙዙን እየላጠች ነገረችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ፣ ደንበኛ ሲመጣ እያቋረጠች።

በዚያ ሳምንት ጤና ጣቢያው ውስጥ የሞተው ሌላ ሰው ነው። አገሩ የት እንደሆነ እንኳ ያልታወቀ፣ አጠገቡ የተኛ። የባለቤቴ ወንድም ትኩሳቱ ለቀቀው። በሁለት እግሩ ወጥቶ፣ ግድግዳ እየያዘ፣ እዚህ ምግብ ቤት ደረሰ። ወንድሙ አውቶቡስ የተሳፈረው ከዚህ ፊት ለፊት ስለነበር እዚሁ ይመጣል ብሎ ቀረ። ሳህን ያጥብላት ጀመር፣ እንጨት ይፈልጥላት። ከጓሮው ክፍል ፍራሽ ሰጠችው።

«ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አልበላም ይለኛል!» አለች፣ ዛሬም ተናዳ። «አጥንቱ ይቆጠራል እኮ። አንተ ከሲታ፣ እግዚአብሔር አንተን አይቶ ምን ይሠራል፣ ብላ፣ እለዋለሁ። ይስቃል። ባቄላውን ብቻ ይበላል።»

«ለምን አልደወለም?»

«ስልኩ ከወንድሙ ጋር ሄደ። ቁጥሩን በቃሉ ያስታውሰው ነበር፣ ከእኔ ስልክ ስንቴ ደወለ። የለም ይላል።»

ባለቤቴ የፔሩን ሲም ኢኳዶር ሲገባ ጥሎታል። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ እሷ አታውቅም።

«እናቱ ጋስ?»

«እኔም ብዬዋለሁ። እናት አለህ፣ ደውልላት። ምን አለኝ መሰለሽ? እናቴ ድምፄን ብቻ ከሰማች ወንድምህስ ትለኛለች። ጥሎኝ ሄደ ልበላት? ሁለታችንም አሜሪካ ሳንገባ አንደውልም ተባብለናል። እሱ ሲመጣ አብረን እንደውላለን።»

ከላይ የሚመጣው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ይደርስ ነበር። እጁን ከሳሙናው አውጥቶ ይሄድና የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያያል። አውቶቡሱ ሲበተን ተመልሶ ሳህኑን ይቀጥላል። አራት ወር። ዝናቡ ሲበረታ ትኩሳቱ ተመለሰበት። በዚያው በጓሮው ክፍል፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሞተ። አጥባ፣ የሞተ ባሏን ሸሚዝ አልብሳ ቀበረችው።

አራት ወር ሙሉ ባለቤቴ ሲያለቅስለት የነበረው ሰው ቆሞ እሱን ይጠብቀው ነበር። አንዱ እናቱን እንዳያስደነግጥ ሞቱን ደበቀ፣ ሌላው እናቱን እንዳያስደነግጥ ሕይወቱን ደበቀ። ትንሹ ወደ እናቱ አንዴ ቢደውል፣ ወይም ትልቁ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ሁለቱ በተገናኙ ነበር። ይህን ሳስብ በማን ላይ እንደምጮህ አጣሁ። የሚጮህበት ሰው ኮሎምበስ ተቀብሯል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መቃብሩ ወሰደችኝ። እዚያ ሰው የሚቀበረው በግድግዳ ውስጥ ነው፣ እንደ መደርደሪያ በተሠራ ቦታ። የእሱ የነበረው ቦታ ላይ የሌላ ሰው ስምና የላስቲክ አበባ አለ። እንደ አገሩ ደንብ ዓመታት አልፈው ዘመድ ካልመጣ አፅሙ ወጥቶ ከሌሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ያርፋል፤ በላዩ ትልቅ የብረት መስቀል ቆሟል።

«እኔ ዘመድ ነኝ ብዬ አንድ ጊዜ አራዘምኩት» አለች። «ሁለተኛውን አሞኝ ከተማ ሄጄ ነበር።»

ሻማ አብርታ ራቅ ብላ ቆመች። እኔ የመጣሁት መርዶ ይዤ ነውና ነገርኩት። ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ፣ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ። ወንድምህ ሞቷል አልኩት። እኔ ሚስቱ ነኝ። እናትህ ልከውኝ ነው። አልረሳህም ነበር ልለው ፈልጌ አፌ ላይ ቀረ። አላውቅማ። በስድስት ዓመት ትዳር ስሙን ያነሳው አምስት ጊዜ ቢሆን ነው።

ጋቢውን ለሴትዮዋ አለበስኳት። በሙቀቱ ውስጥ እስከ ቤቷ ድረስ ሳታወልቀው ሄደች።

ኮሎምበስ ስመለስ እማማን «ነግሬዋለሁ» ብቻ ብዬ፣ ሽማግሌዎቹ መጥተው እንዲያረዷቸው ጋሼን ለመንኩ። ጋሼ ግን በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ክርስትና አለ አሉ፣ ቀጥሎ «ፍልሰታ እየገባ ነው ልጄ፣ ይለፍ» አሉ።

«ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ካልመጣችሁ ብቻዬን እነግራቸዋለሁ፣ ጋሼ።»

መጡ። አራት ሽማግሌዎች፣ ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እማማ በሩን ራሳቸው ከፈቱ፣ ሰዎቹን ከዳር እስከ ዳር አዩ፣ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዱ።

«ደግሞ ማን?» አሉ።

ጋሼ ነገሯቸው። ዛሬ አይደለም፣ ቆይቷል፣ ዐርፏል አሏቸው። እማማ ሲወድቁ ሴቶቹ ያዟቸው። ቤቱ ሙሉ ለቅሶ ሆነ፤ ማዶ ያለው ጎረቤት በመስኮቱ መጋረጃውን ሲከፍት አየሁት። ብዙ ቆይቶ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ እማማ ቀና አሉ።

«ማን ቀበረው?»

«ወንድሙ ነው» አሉ ጋሼ ሳይዘገዩ። «በእጁ። በክብር።»

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተመስገን። እሱስ ቀበረው» አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔም አንዳንድ ቀን እንዲሁ እላለሁ። ግን ሁለት ሳምንት ያን ሁሉ አገር አቋርጬ ሄጄ፣ ያቺ ሴት ያጠበችውን ሬሳ ከእጇ ቀምቼ ለባለቤቴ ልሰጠው አልቻልኩም።

«አይደለም እማማ» አልኩ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ጋሼ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አውቶቡሱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ አራቱን ወር፣ ባቄላውን፣ የግድግዳውን መቃብርና የብረቱን መስቀል። ስናገር ማንም አላለቀሰም። ስጨርስ እማማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«በየቀኑ?»

«አውቶቡስ በመጣ ቁጥር።»

ሲሄዱ ጋሼ ደጅ ላይ ጠርተውኝ፣ «እውነት ተናግረሽ ምን አተረፍሽ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እማማ ስለ ትንሹ ልጃቸው ሳይጠይቁኝ የዋሉበት ቀን የለም። ፍራሹ ወፍራም ነበር? ሴትዮዋ ስትቆጣው ይስቃል ነው ያልሽኝ? ሸሚዙ ምን ዓይነት ነው? ያላየሁትን እንኳ ይጠይቁኛል፣ ያላየሁትን አላየሁም እላለሁ። ስለ ባለቤቴ አይጠይቁም። ስሙ ሲነሳ ወደ መስኮቱ ያያሉ። አንድ ቀን አልቻልኩምና፣

«ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር እማማ። አውቶቡሱ እየሄደ ነበር» አልኩ።

«እሱስ ሃያ ሁለቱ ነበር» አሉኝ።

ለራሴ ግን የማልለው የለም። ፈሪ እለዋለሁ። ውሸታም እለዋለሁ፣ ጃኬቱን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ፊት ለፊቱ ቆሜ። ከዚያ እማማ ዝም ሲሉበት ደግሞ ጥብቅና እቆምለታለሁ፤ ማንም በማይጠይቀኝ፣ ማንም በማይፈርድበት። ባሌን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት እኔው ነኝ። የመጀመሪያው ዕለት ሰው ነበረኝ።

ሁለተኛው ሙት ዓመት በነቢያት ጾም ውስጥ ዋለ። ዳቦ ደፋሁ፣ ሽንብራ ቀቀልኩ። ጠዋት እማማን ከክፍላቸው በር ላይ ሆኜ «እንሂድ?» አልኳቸው።

«ጉልበቴን አሞኛል» አሉኝ። ጉልበታቸውን አሟቸው አያውቅም።

ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ሄድኩ። ሰዎች የእማማን ጤንነት ጠየቁኝ፣ ደህና ናቸው አልኩ። ከዳቦው ግማሹ ተረፈና ይዤ ተመለስኩ። እማማ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠበቁኝ።

«የዚያች ሴትዮ ቁጥር አለሽ?»

በቪዲዮ ደወልኩ። ወጥ ቤቷ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ፊቷ፣ ከኋላዋ ዶሮ። እማማ ብድግ ብለው ቆሙ፣ ትልቅ ሰው ቤት እንደገባ።

«አንቺ ነሽ ያጠብሽው?» አሉ በአማርኛ።

መተርጎም ጀመርኩ። እማማ እጄን ገፋ አደረጉት።

«ተዪን» አሉኝ።

ተውኳቸው። ሴትዮዋ በስፓኒሽ፣ እማማ በአማርኛ፣ አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ እየጠበቀች፣ ሰዓት ለሚሞላ ጊዜ አወሩ። እኔ ኩሽና ገብቼ የባለቤቴን የሙት ዓመት ዳቦ ቆረስኩ። የእማማን ድርሻ ሳህን ላይ አድርጌ ሶፋው አጠገብ አስቀመጥኩላቸው፣ የእኔን ሲንኩ ጋ ቆሜ በላሁ። ማታ ሳህኑን ሳነሳ ዳቦው ሳይነካ ደርቆ ነበር።